የሉሙምባ ሞትና የዳንግላው ተማሪ

በግዕዝ ከተተረጎሙት የጥንት የፍልስፍና መጻሕፍት አንዱ የሚጀምረው በአንዲት እናት ሞት ነው። ስክንድስ የሚባል ልጅ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ይላካል። እዚያ ሳለ ንጽሕት ሴት በዓለም የለችም የሚል የጠቢባን ቃል ይሰማል፤ ነገሩም ከሐሳቡ አልወጣ ይለዋል። ዓመታት አልፈው፣ ጢሙና ጠጉሩ አድጎ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚያውቀው ሰው አላገኘም። ያን የሰማውን ቃል በገዛ እናቱ ላይ ሊፈትን ወሰነ። እንግዳ መስሎ በአገልጋይቱ በኩል ገንዘብ ላከባት፤ እሷም እሺ አለች። አንዳች ሳያደርጋት አጠገቧ ተኝቶ አደረና ሲነጋ ልጅሽ ነኝ አላት። እናት ከኀፍረቷ ብዛት ራሷን አጠፋች። ስክንድስም ለዚህ ጥፋት ያበቃው አንደበቱ መሆኑን ቆጥሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ላይናገር ማለ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን አስጠርቶ በሰይፍ ቢያስፈራራውም ቃል አልተነፈሰም፤ የቀረቡለትን ጥያቄዎች በጽሑፍ ብቻ መለሰ።

የመጽሐፉ ቀሪ ክፍል እነዚያ ጥያቄና መልሶች ናቸው፤ እግዚአብሔር ምንድን ነው፣ ዓለም ምንድን ነው፣ ሰው ምንድን ነው የሚሉ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ መምህር ክላውድ ሳምነር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲያስተምሩ ከዘርዓ ያዕቆብ ሐተታና ከመጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ጋር ይህንንም መጽሐፍ አጥንተው አሳትመዋል። ሊቃውንቱ በብዛት የተጠመዱት በመልሶቹ ነው። አንባቢን አስሮ የሚይዘው ግን የመግቢያው ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ አንድ ሐሳብ ከወረቀት ወጥቶ በሕያው ሰው ላይ ሲፈተን፣ ሐሳቡም ሲረታ፣ የረታበትም ዋጋ እናትን ሲያስከፍል ይታያል። አርስቶትል ከአሳዛኝ ተውኔት የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች፣ ያልታወቀው ሰው መታወቁና የነገሩ ሁሉ በአንዴ መገልበጥ፣ በአንዲት ማለዳ ተገናኝተዋል።

ይህ ምዕራፍ የሚከተለው የዚያን ማለዳ ዓይነት ፈተና ነው። ሐሳብን በሐተታ መግለጽ የሚችሉ ሰዎች ሐተታውን ትተው፣ ወይም ከሐተታው ጎን ለጎን፣ አሳዛኝ ተውኔት ሲጽፉ ምን እየፈለጉ ነበር? ጥያቄው ከአቴና ይነሳል፣ በሮም ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ጎጃም፣ ከአቸፈር ወደ ዳንግላ ለትምህርት ወደ ሄደ አንድ የቅኔ ተማሪ ያደርሰናል።

የአቴናው ፕሌቶ በወጣትነቱ አሳዛኝ ተውኔቶች ጽፎ ነበር ይባላል። ሶቅራጥስን ከሰማ በኋላ ግን ሁሉንም አቃጠለ፤ ዘግይቶም ባሰባት ፍጹም ከተማ ውስጥ ለባለቅኔዎች ቦታ ነፈጋቸው። ታሪኩን የተረከልን ከእሱ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የኖረው ዲዮጋን ላኤርጢዮስ ነውና እውነትነቱ ያከራክራል። የማያከራክረው፣ ፕሌቶ የመምህሩን ፍርድና ሞት ሲጽፍ የተጠቀመበት ቅርጽ ነው። ሰዎች እየተነጋገሩ፣ አንዱ መርዝ ጽዋ እየጠበቀ፣ ወዳጆቹ እያለቀሱ። ተውኔቱን ቢያቃጥልም ተውኔት ጸሐፊው ውስጡ ቀርቷል።

ሴኔካ ግን ምንም አላቃጠለም። ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዛሬዋ ስፔን በኮርዶባ የተወለደው ይህ ፈላስፋ በሮም ቤተ መንግሥት ያልቀመሰው የለም። ስምንት ዓመት ያህል በኮርሲካ ደሴት በግዞት ተቀመጠ፤ ከግዞት ተጠርቶ የሕፃኑ ኔሮን መምህር ሆነ፤ ኔሮን ሲነግሥ አማካሪው፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ65 የዚያው የደቀ መዝሙሩ ትእዛዝ ሰለባ ሆኖ ደም ሥሩን ቆርጦ ሞተ። ስለ ቁጣ ሦስት መጻሕፍት ጽፏል። የጻፈላቸውም ለታላቅ ወንድሙ ነው፤ ይህ ወንድም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ አይሁድ ጳውሎስን ከሰው ፊቱ ቢያቆሙት ክሱን አልሰማም ያለው የአካይያው ገዢ ጋልዮስ ነው። መጽሐፉ ቁጣ አጭር እብደት መሆኑን ይናገራል፣ መድኃኒቱንም ያሳያል። ቆይ ይላል፤ ከመፍረድህ በፊት ቆይ።

ያው ሰው ታይስቴስ የተባለውን ተውኔትም ጽፏል። እዚያም ሁለት ወንድማማቾች አሉ። አትርዮስ በዙፋን የተጣላውን ወንድሙን ታርቀናል ብሎ ያስጠራውና ልጆቹን አርዶ ያበላዋል። ፀሐይ ይህን ላለማየት ወደ ኋላ ትመለሳለች። ቁጣ ይቆያል፣ ያስባል፣ ያቅዳል፣ ድግስ ይደግሳል፤ በመጨረሻም ያሸንፋል። ከሰማይ ወርዶ የሚቀጣ አምላክ የለም። በሐተታው ላይ ቆይ ያለው ሴኔካ፣ በተውኔቱ ላይ ቆይቶ የሚበቀል ቁጣ አሳየ። ብዙዎች ፈላስፋው ከራሱ ጋር ተጣላ ይላሉ። እንዲህ ማለቱ ይቀላል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። በኔሮን ቤት የኖረ ሰው መድኃኒቱ የማይሠራበትን ሕመም በዓይኑ አይቷል፤ መድኃኒት የሌለውን ሕመም ደግሞ ሐተታ አይችለውም። እውነቱን ለመናገር ሌላ ቅርጽ ያስፈልገው ነበር።

ከሴኔካ በኋላ በዚህ መንገድ የሄዱ ጥቂት አይደሉም። ቮልቴር በዘመኑ ከሁሉ በላይ የተከበረው በአሳዛኝ ተውኔቶቹ ነበር። ሳርትር ፓሪስ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1943 ዝንቦች የተባለውን ተውኔት መድረክ ላይ አወጣ። አልጄሪያ የተወለደው ካሙ ደግሞ ለሁሉም ነገር ትርጉም ያጣ ንጉሥ ሥልጣን ቢይዝ ምን ይሆናል የሚለውን በካሊጉላ ጠየቀ፤ ይህም የሮም ንጉሠ ነገሥት ነው። ሮም በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግማ የምትመጣው በአጋጣሚ አይመስልም፤ ሥልጣንና ሐሳብ ፊት ለፊት የተፋጠጡባት ከተማ ናትና።

ለኢትዮጵያውያን ግን ሮም የመጽሐፍ ከተማ ብቻ አልነበረችም። በ1928 ዓ.ም. ሠራዊቷ አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶች ራሳቸውን የጥንቷ ሮም ወራሽ አድርገው ያዩ ነበርና በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ትልቅ ፊልም አወጡ። ፊልሙ የአፍሪካዊቱን የካርታጎን ጦር መሪ አኒባልን ድል የመታውን የሮም ጄኔራል ስኪፒዮ የሚያወድስ ነው። በኢትዮጵያ ላይ የተገኘው ድል በስኪፒዮ ድል ተመስሎ ለኢጣሊያ ሕዝብ ታየ።

ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ አኒባል የሚል ተውኔት በአማርኛ ታተመ። ደራሲው ከበደ ሚካኤል ነበሩ። ከበደ በአገራችን ፈላስፋ የሚለው ስም ከባለቅኔነታቸው ጋር ተጣብቆ የሚጠራላቸው ሰው ናቸው። የወረራውን ዘመን በአዲስ አበባ ኖረውታል። ከድል በኋላ በትምህርት ሚኒስቴርና በቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ሠርተዋል፤ ታሪክና ምሳሌን፣ ብርሃነ ሕሊናን፣ ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔን፣ ጃፓን እንደምን ሠለጠነችን ጽፈዋል። ትልቁ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ አፍሪካዊ አገር ነፃነቱን ሳያስደፍር እንዴት ይሠለጥናል? በሐተታቸው የሰጡት መልስ ግልጽ ነው፤ ትምህርት፣ ትጋት፣ ከሌላው ጥሩውን መውሰድ። ጃፓን ይህን አድርጋ ቀንቷታል።

አኒባል ግን ሁሉን አድርጎ አልቀናውም። በዘጠኝ ዓመቱ የሮም ወዳጅ ላይሆን በአባቱ ፊት ማለ። ዝሆኖቹን ይዞ የአልፕስን በረዶ ተሻገረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት በካና ሜዳ የሮምን ጦር በአንድ ቀን አጠፋ፤ የጦር ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ያጠኑታል። በጠላት ምድር ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሸነፍ ቆየ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የገዛ አገሩ ሹማምንት እርዳታ በወቅቱ አልላኩለትም። በመጨረሻ ወደ አገሩ ተጠርቶ በዛማ ተሸነፈ፤ ከዚያ ከአገር አገር ተሰደደ፤ የተጠለለበት ንጉሥ ለሮም አሳልፎ ሊሰጠው መሆኑን ሲያውቅ መርዝ ጠጣ። እውቀትም ትጋትም ጀግንነትም ነበረው።

የሥልጣኔ መምህሩ ከበደ ሚካኤል ይህን ሰው መምረጣቸው ሊያስገርመን አይገባም። በሐተታ የተሰጠው መልስ የማይሸፍነው ቦታ አለ፤ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ የወደቀ ሰው የቆመበት ቦታ። ከአምስት ዓመት የባዕድ አገዛዝ የወጣ አንባቢ ያን ቦታ በደንብ ያውቀዋል። ከበደ በ1946 ዓ.ም. ሮሚዮና ጁልየትን ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ የፈረንሳይን ክላሲካዊ ድራማ በፈረንሳይኛ ያነበቡ ነበሩና የአሳዛኝ ተውኔት አሠራር እንግዳ አልሆነባቸውም። በስንኝ ጻፉት። በግጥም የሚናገር አፍሪካዊ ጄኔራል፣ በአማርኛ፣ ሮምን ፊት ለፊት ተጋፈጠ።

አሁን ወደ ጎጃም እንሻገር።

አቤ ጉበኛ የተወለደው በ1925 ዓ.ም. ገደማ፣ በአቸፈር፣ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ያደገው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሲሆን ቅኔን በጎጃምና በበጌምድር ጉባኤ ቤቶች ተምሯል። የቅኔ ተማሪ ሕይወት ምን እንደሚመስል የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል። ደበሎ ለብሶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ ያገኘውን ቁራሽ በልቶ፣ ቀኑን ከጓደኞቹ ተለይቶ ጫካ ውስጥ ቅኔ ይቆጥራል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ናት። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ማታ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይዘርፋል፤ መምህሩ ያቀናለታል፣ ወይም በአንድ ቃል ያፈርስበታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ዓመታት እንዲህ ያለፉበት ልጅ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየቱን፣ የተነገረው ሥር ያልተነገረ መኖሩን፣ ሐሳብም ሰው ፊት ቆሞ ካልተፈተነ ሐሳብ አለመሆኑን ይለምዳል። የጎጃም ቅኔ ቤቶች የአገሪቱ የፍልስፍና ትምህርት ቤቶች ናቸው ቢባል ማጋነን የለበትም።

ከዚያው ምድር ከአቤ በፊት መድረክ የወጣ አንድ ትልቅ ሰው ነበር። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔውን ይዘው አዲስ አበባ ገብተው፣ ተማሪዎችን እያሰለጠኑ ተውኔትና መዝሙር አሳይተዋል፤ አፋጀሽኝ የተባለው ሥራቸው እስከ ዛሬ በቲያትር ታሪክ ይነሳል። መንገዱ ተጠርጎ ነበር ማለት ነው።

አቤ ዘመናዊ ትምህርቱን የጀመረው በዳንግላ ነው። ዳንግላ ዛሬ በአዊ ብሔረሰብ ዞን፣ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አውንጊና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰሙባታል። ከጦርነቱ በፊት እንግሊዛዊው ቆንስል ቺዝማን የተቀመጠባት፣ እየተነሳም የዓባይን ሸለቆ በካርታ ያነሳባት ከተማ ስለነበረች ከውጭው ዓለም ጋር ቀድማ ተዋውቃለች። ዳንግላን ማንሳት ያስፈለገው አንድ ቁም ነገር ስላለ ነው። ደበሎውን አውልቆ የፊደል ገበታውን በክፍል ወንበር የተካው ልጅ፣ ቅኔ የሚያውቅ አእምሮውን ይዞ ነው ስለ ሮም፣ ስለ ፈረንሳይ አብዮት፣ ስለ ቅኝ ግዛት ያነበበው። ከአዲስ አበባ ትምህርት በኋላ በጋዜጠኝነትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥቂት ሠርቶ ሥራውን ተወና ኑሮውን በብዕሩ ላይ ጣለ። በጽሑፍ ብቻ ለመኖር የቆረጠ አማርኛ ጸሐፊ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

በጣም የሚታወቀው መጽሐፉ አልወለድም በ1955 ዓ.ም. ታተመ። በማኅፀን ያለ ሕፃን ወደዚህ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይከራከራል። ልብ ወለድ ይባል እንጂ ውስጡ ንጹሕ የፍልስፍና ሙግት ነው፤ መኖር ከአለመኖር ይሻላልን? ሰውስ ሳይጠየቅ መወለዱ ፍትሕ ነውን? መንግሥት መጽሐፉን አገደው። አቤም በግዞት ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጎሬ የተላከበት ጊዜ አለ።

ብዙ አንባቢ የማያነሳው፣ ይህ ሰው ከአልወለድም በፊትም ሆነ በኋላ ተውኔት መጻፉን ነው። ከቀደሙት ሥራዎቹ አንዱ የሮም አወዳደቅ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ የጻፈው ተውኔትም ታትሟል። ለዚህ ምዕራፍ ዋናው ግን የፓትሪስ ሉሙምባ አሳዛኝ አሟሟት ነው። አቤ ከግሪክ አማልክት ወይም ከጥንት ነገሥታት አልተበደረም፤ ደሙ ያልደረቀ ሰው ወሰደ።

የሉሙምባ ታሪክ እንዲህ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. በካሳይ ምድር ተወለደ፤ የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ የቢራ ሻጭ፣ ከዚያም የፖለቲካ መሪ ሆነ። ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ኮንጎ ነፃ ስትወጣ የቤልጂጉ ንጉሥ ቦዱዋን የአያቶቻቸውን ሥራ አወደሱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉሙምባ ከመርሐ ግብሩ ውጭ ተነሳና ሕዝቡ የተቀበለውን ግርፋት፣ ስድብና ውርደት ንጉሡ ፊት ዘረዘረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሠራዊቱ አመፀ። በማዕድን የከበረችው ካታንጋ በቾምቤ መሪነት ተገነጠለች። ፕሬዚዳንት ካሳቩቡ ሻረው፤ ኮሎኔል ሞቡቱ ሥልጣኑን ያዘ። ሉሙምባ በተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ጥበቃ ሥር ሊዮፖልድቪል ውስጥ ተቀመጠ። ነገር ግን በኅዳር ወር በሌሊት አመለጠና ደጋፊዎቹ ወዳሉበት ወደ ስታንሊቪል ገሠገሠ። በመንገድ ላይ የሳንኩሩን ወንዝ ተሻግሮ ሳለ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ማዶ ቀርተው ነበርና ስለ እነሱ ተመለሰ ይባላል። እዚያው ተያዘ። ጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቹ፣ ከምፖሎና ከኦኪቶ ጋር፣ እየተደበደበ ወደ ካታንጋ ተወሰደና በዚያው ምሽት ተረሸነ። አንድ የቤልጂግ ፖሊስ መኮንን አስከሬኖቹን በአሲድ አሟሟቸው። ከሉሙምባ አካል የተረፈው አንድ የወርቅ ጥርስ ነበር፤ ቤልጂግ ለቤተሰቡ የመለሰችው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ነው።

ወንዙን ተሻግሮ መመለሱን እናስብ። ፖለቲከኛው መሄድ ነበረበት፤ ባልና አባት የሆነው ሰው ግን መመለስ ነበረበት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለት እውነቶች በአንድ ሰው ደረት ላይ ሲጋጩ የትኛውም ሐተታ አያስታርቃቸውም። አሳዛኝ ተውኔት ከግሪኩ ባለቅኔ ከሶፎክለስ ዘመን ጀምሮ የሚኖረው እንዲህ ባለው ወንዝ ዳር ነው።

ይህ ወሬ አዲስ አበባ የደረሰው በምን ወቅት እንደሆነም ማስታወስ ያሻል። የታኅሣሥ ግርግር ገና ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። መንግሥቱና ገርማሜ ነዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ከሽፎ ገርማሜ ሞቷል፤ ወንድሙ በፍርድ ቤት ነው፤ በመጋቢት ይሰቀላል። የኢትዮጵያ ወታደሮች ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ኮንጎ ውስጥ ናቸው። ስለ ታኅሣሥ በግልጽ መጻፍ የሚቻል አልነበረም። ስለ ሉሙምባ መጻፍ ግን ይቻላል፤ ሟቹ የአፍሪካ ልጅ፣ ገዳዩ ቅኝ ገዢና ተላላኪው ነውና። ቅኔ ቤት ያደገ ጸሐፊ፣ ቅኔ የሚሰማ አንባቢ ባለበት አገር፣ ስለ አንዱ ሲናገር ስለ ሌላውም መሰማቱን አያጣውም። ሕዝቡን ነፃ ላውጣ ብሎ የተነሳ የተማረ ወጣት በገዛ አገሩ ወታደር እጅ መውደቁ በዚያ ዓመት ለአዲስ አበባ አንባቢ የሩቅ ወሬ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የማርቲኒኩ አሳቢና ባለቅኔ ኤሜ ሴዜር ስለዚሁ ሰው በፈረንሳይኛ ተውኔት አሳተመ፤ ርእሱ በኮንጎ አንድ ወቅት የሚል ነው። ሴዜር ስለ ቅኝ አገዛዝ የጻፈው ንግግር በመላው ዓለም የተነበበ ሰው ነው፤ ተውኔቱም ከብራስልስ ጀምሮ በብዙ መድረኮች ታይቷል፣ በየዩኒቨርሲቲው ይጠናል። የሁለቱ ሰዎች መንገድ ይመሳሰላል። ሁለቱም አስቀድመው በሐሳብ የተጋደሉ ናቸው፤ ሁለቱም የሉሙምባ ሞት ከክርክር በላይ የሆነ ነገር እንዳለው አይተዋል። የአቸፈሩ ሰው ግን ቀድሞ ጻፈው። አማርኛ ባይሆን ኖሮ ይህ ቅድሚያ በአፍሪካ ድራማ ታሪክ ሁሉ የሚጠቀስ በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያን አሳዛኝ ተውኔት በሙሉ የሚመለከት አንድ ጥያቄ ይነሳል። ተመልካቹ ስንክሳር እየሰማ ያደገ ሕዝብ ነው። ጻድቅ ሲገደል አክሊል ይወርድለታል፤ ሰማዕት ይሸነፋል ተብሎ አይታሰብም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተረሸኑትን አቡነ ጴጥሮስን መኰንን እንዳልካቸው በየደም ድምፅ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በጴጥሮስ ያቺን ሰዓት ወደ መድረክ ሲያመጧቸው ተመልካቹ ፍጻሜውን ያውቀዋል፤ ሐዘኑ ውስጥ ድል አለ። ግሪኮች የሚያውቁት ዓይነት መራራ ሐዘን፣ ማጽናኛ የሌለው፣ በዚህ ምድር ለመብቀል ይቸገራል። ጸጋዬ በትልቅ ጥበቡ ያሸነፈው ይህንኑ ችግር ነው፤ ከአክሊሉ በፊት ያለችውን የፍርሃትና የጥርጣሬ ሰዓት አስረዝሞ አሳየን።

ሉሙምባ ታቦት የለውም። መቃብር እንኳ አልነበረውም። ታሪኩን በአሟሟቱ ሰይሞ፣ አሳዛኝ ብሎ በርእሱ ላይ የጻፈ ደራሲ ማጽናኛውን ከወዲሁ ዘግቷል። በማኅፀን ያለውን ሕፃን አልወለድም ያሰኘው አእምሮና ይህን ሞት የመረጠው አእምሮ አንድ ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ የቀረበው ጥያቄ ዓለም ለንጹሕ ሰው ቦታ አላት ወይ የሚል ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሕፃኑ በክርክር ይመልሳል፤ በተውኔቱ ርእስ ላይ ሞት ራሱ ይመልሳል።

አቤን በሁሉም ነገር ማመስገን ደግሞ ለእሱም አይጠቅመውም። ለማስተማር የሚቸኩል ጸሐፊ ነው። ሰዎቹ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ቋንቋ ትተው የደራሲውን ስብከት ይናገራሉ፤ ክፉው ከሩቅ ይታወቃል፣ ደጉም እንዲሁ። ይህ ከሴኔካ ጀምሮ ተውኔት የጻፉ አሳቢዎች ሁሉ የተወቀሱበት ነገር ነው። የሴኔካ ተውኔቶች ለመድረክ ተጻፉ ወይስ ለንባብ እየተባለ ሊቃውንት የሚከራከሩት፣ ሰዎቹ ከሚያደርጉት ይልቅ የሚናገሩት ስለሚበዛ ነው። ሆኖም ሼክስፒርና ዘመነኞቹ ደምና በቀልን ከሴኔካ ተምረዋል። ጉድለት ያለበት ሥራ ለሚቀጥለው ጸሐፊ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሥራው ከተነበበና ከታየ ብቻ ነው።

የአቤ ቀሪ ዕድሜ አጭር ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የጸሐፊዎች መርሐ ግብር ተካፈለ፤ በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ ስለኖረ ቤተሰብ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1975 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወረዱ፤ ሌላ ሥልጣን መጣ። በ1972 ዓ.ም. አቤ በአዲስ አበባ ሞተ፤ ገና በአርባዎቹ ውስጥ ነበር።

ከዳንግላ አለፍ ብላ ባለችው በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሶችን አሸልመው ሜዳ ይወጣሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበራቸው በዓድዋ የተዋጉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። አባቶችን በትርኢት ማሰብ ለዚህ አካባቢ ሰው አዲስ ነገር አይሆንበትም። ድልን እንዲህ አድርጎ የሚያስብ ሕዝብ ሽንፈትንም በመድረክ ለማሰብ የሚሆን አደባባይ አለው። የአቤ አልወለድም እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሌላው መጽሐፉ አንድ ለእናቱም እንዲሁ። የሉሙምባን ተውኔት ያነበበ ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የባሕር ዳሩ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ የዳንግላ ትምህርት ቤቶች ይህን ሥራ ፈልገው ቢያሳትሙት፣ ስብከቱን በአዘጋጅ እጅ አስተካክለው በአማርኛም በአውንጊም ቢያሳዩት፣ በአማርኛ ድራማ ታሪክ ውስጥ የጎደለ አንድ ገጽ ይሞላል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ንጹሕ ቅጂ ነው። ቅጂው በቤቱ፣ በአባቱ ሳጥን ወይም በአሮጌ መደርደሪያ ላይ ያለው አንባቢ ለቅርቡ ቤተ መጻሕፍት ይስጥ።